ስደተኛን ስለ መሸሸግ፤ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የተጻፈ ትምህርት

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ በኩል፥ የታክሲ ረዳት ከጧት እስከ ማታ የአንድ ባዕድ ሰው ስም ይጠራል፤ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ይላል። የሚሳፈረውም ሕዝብ፥ ተማሪውም ነጋዴውም፥ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄደውም በሽተኛ፥ ስሙን እንደ ሰፈር ስም ብቻ ያውቀዋል። ኦርድ ዊንጌት ግን በ1933 ዓ.ም. ስደተኞችን ወደ አገራቸው ለማስገባት ከሱዳን የመጣ የእንግሊዝ የጦር መኮንን ነበረ። በጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የአገራቸውን ምድር ሲረግጡ፥ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮአቸው ነበረ። በመጋቢት 1936 ዓ.ም. በሕንድ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ በጉለሌ የተከፈተው ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከትምህርት ቤቱ ወረሰ።

የዊንጌት ቤተ ሰቦች መጽሐፍ ቅዱስን እጅግ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱም ያንን ትንሽ ጦር የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው። እኛም ጌዴዎን ሲባል ትዝ የሚሉን ሦስቱ መቶ ሰዎች፥ ቀንደ መለከቱና በማሰሮ ውስጥ የተሸሸገው ችቦ ናቸው። ነገር ግን በመጽሐፈ መሳፍንት በ6ኛው ምዕራፍ ጌዴዎንን መጀመሪያ የምናየው ጦር ሲመራ አይደለም፤ ምድያማውያን እንዳያዩት በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ስንዴ ሲወቃ ነው እንጂ። ሕዝቡም በየተራራው ጕድጓድና ዋሻ አበጅቶ ይሸሸግ ነበር። ድል ያደረገውን ሰው በመለከት የሚቀበለው ብዙ ነው። ያው ሰው ገና ሲሸሽ፥ ስሙ በዝርዝር ላይ ተጽፎ ሲፈለግ፥ በሌሊት በሩን የሚከፍትለት ጥቂት ነው። ይህ ትምህርት የተጻፈው ስለዚያ በር ከፋች ነው። እንግዳ መቀበልን በስብከታችን ደጋግመን እናስተምራለን፤ የሚፈለግን ሰው መሸሸግ ግን እንዴት እንደሚገባ ሲሰበክ የሰማሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በባዝ ከተማ ተቀመጡ። ለሌላው ሕዝብ ባቡር አልነበረለትም። በደቡብ ሲዋጋ የነበረው ጦር በተበተነ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶችና ሴቶች ከነልጆቻቸው በእግር ወደ ኬንያ ተሻግረው በኢሲኦሎ፥ በኋላም በታቬታ በተዘጋጀ ሰፈር ተቀመጡ። ሌሎች ወደ ሱዳን፥ ሌሎችም በኢየሩሳሌም ወዳለው የኢትዮጵያ ገዳም ተሰደዱ። በከተማው ለቀሩት ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መጣባቸው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፥ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ በሕዝቡ ላይ ተለቀቁ፤ ጎጆውን ከነሰዉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30 ሺህ ሲል አስታውቆአል። ከዚያ ወዲያ የተማረው ወጣት ተለይቶ ይፈለግ ጀመር፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም በዚያ ወራት ተገደሉ። በእነዚያ ቀኖች በዚህ ከተማ የነበረ የተዘጋ በር ሁሉ አንድ ጥያቄ ተጠይቆአል፤ ይከፈት ነበርን ወይስ አይከፈትም ነበር?

ከአርባ ዓመት በኋላ ይኸው መከራ በገዛ ወንድሞቻችን እጅ ተደገመ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ያዘ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ብሎ በሰየመው ዘመን ቤት ለቤት አሰሳ አደረገ፤ የወጣቶች ሬሳ በመንገድ ላይ ተጣለ፥ እናትም ልጅዋን በይፋ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ዓለም በቃኝ የተባለው ወኅኒ ቤት በጣሊያን ጊዜም በደርግ ጊዜም ያው አንዱ ነበረ። ከዚህ በፊት ግን፥ በጳጕሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ መንግሥታት በዚችው በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ስደተኞች ቃል ኪዳን ተፈራርመው ነበር፤ የሸሸ ሰው ሕይወቱ ወደሚጠፋበት አገር በግድ እንዳይመለስ የሚል ነው። ብዙ ዓመት ሳያልፍ የዚችው ከተማ ልጆች በመተማና በሑመራ በኩል በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ስደተኞች ሆኑ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን ይህን እንለይ፤ እንግዳና ስደተኛ አንድ አይደሉም። በአገራችን ልማድ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው በደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። የከበረ ልማድ ነው፤ ወንጌልን ያልሰማው እንኳ ይጠብቀዋል። ነገር ግን የእኛ እንግዳ መቀበል ድምፅ ያለው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፥ ጎረቤት ይጠራል፥ «ከየት መጡ? የማን ልጅ ነዎት?» ይባላል፤ እንግዳውም ክብሩ በመታየቱ ነው። ስደተኛን የተቀበለ ሰው ግን ፍቅሩን ያለ ድምፅ መግለጥ አለበት። ትውልዱን አይጠይቅም፤ የማያውቀውን ነገር ቢገርፉትም ሊናገረው አይችልምና። ጎረቤቱን ጠርቶ አያሳየውም። ጎረቤቱን መጥራት በድንገት ቢተው ደግሞ ያን ጊዜ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ቡናው እንደ ወትሮው እየተፈላ፥ ጎረቤቱም እንደ ወትሮው እየተጫወተ፥ ስደተኛው በጓዳ ሳይስልና ሳያስነጥስ ይቀመጣል። ከዚህ የከበደ እንግዳ መቀበል አላውቅም።

ይህ ሥራ ሲነገር ታላቅ ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ሲሠራ ግን የእንጀራና የውኃ ሥራ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትጋግር እናት በድንገት ሦስት ቀን ብትጋግር የምጣዱ ጭስ ይመሰክርባታል። ወንድ የሌላት መበለት የወንድ ሸሚዝ ብታሰጣ ገመዱ ይመሰክርባታል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፥ ከወትሮው የበዛ የእጣቢ ውኃ፥ የበሽተኛ ሳል፥ ይህ ሁሉ አፍ አለው። መጠጥ የሚወድ ሰው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ምሥጢሩ አይነገረው። ለሕፃንም አይነገር፤ ሕፃንን ሐሰት ከማስተማር የሚናገረው እንዳይኖረው ማድረግ ይሻላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባልና ሚስት ግን አንዱ ከሌላው ሳይደብቅ አብረው ይወስኑ፤ ባል ሚስቱን ሳያማክር ሰው አምጥቶ ጓዳ ቢያስገባ ልግስናው በሚስቱ ጫንቃ ላይ ነው፤ ወጡንም የምትሠራው፥ ሌሊትም የምትነቃው፥ አሳሾቹ ሲመጡም ብዙ ጊዜ በር ላይ የምትቆመው እርስዋ ናትና።

ስለዚህ ነገር የሚያስተምረን አብድዩ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት በ18ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ስታስገድል አብድዩ መቶውን ወስዶ አምሳ አምሳውን በዋሻ ሸሸጋቸው፤ እንጀራና ውኃም መገባቸው። በጥድፊያ ብናነበው እናልፈዋለን። ዘመኑ ዝናብ የጠፋበት ነበር፤ ንጉሡ አክዓብ ራሱ ለፈረሶቹና ለበቅሎዎቹ ሣር ፍለጋ በየምንጩ ይዞር ነበር። መቶ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ውኃ በዚያ ዘመን ከየት ተቀዳ? በስንት አህያስ ተጫነ? ስንት ሰውስ አውቆ ዝም አለ? ነቢያቱንም በአንድ ዋሻ አላኖራቸውም፤ አንዱ ቢገኝ ሁለተኛው እንዲተርፍ ከፈላቸው። ይህንም ሁሉ ያደረገ የአክዓብ ቤት አዛዥ ሆኖ፥ የዚያኑ ጨካኝ ንጉሥ ደመወዝ እየበላ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግል ወንድሜ፥ ለአብድዩ ሹመቱ መሸሸጊያ ሆኖለት ነበር። ነገ ለማን መያዣ እንደሚጻፍ ዛሬ የሚያውቀው ጸሐፊ፥ በአንዲት ቃል ሰውን ሊያስመልጥ ይችላል።

አንድ ቤት ግን ብቻውን ብዙ ቀን አይችልም፤ ስደተኛው ከቤት ወደ ቤት መተላለፍ አለበት። በፈረንሳይ አገር በተራራ ላይ ያለች ለ ሻምቦን የምትባል የፕሮቴስታንቶች መንደር ነበረች። ከ1932 እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ ጀርመኖች አይሁድን በሚያድኑበት ዘመን ፓስተር አንድሬ ትሮክሜና ጉባኤው በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን በየእርሻ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አስቀመጡ። የሚያስደንቀው የፓስተሩ ስብከት ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ገበሬ ዝም ማለቱ ነው። በእኛም አገር በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ትእዛዝ በተዘጋች ጊዜ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብን ለመዱ፤ አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፥ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። በዝማሬ የታወቀ ጉባኤ በሹክሹክታ መጸለይን ተማረ። ያ ልማድ ነፃነት ሲመጣ እንደ አሮጌ ልብስ መጣሉ ያሳዝነኛል፤ ዛሬ በጉባኤ የሚጸለይለት ችግረኛ ስሙና ሰፈሩ ሳይቀር በድምፅ ማጉያ ይነገራልና።

ከተማሪዎች ዘወትር የሚመጣ ጥያቄ አለ። ወታደሩ በደጅ ቆሞ «በቤትህ ሰው አለን?» ቢል ክርስቲያን ምን ይመልሳል? የለም ቢል ዋሸ፤ አለ ቢል ገደለ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሰው በር ላይ ቆሞ ያላየ ነው። መጽሐፍ ግን ዝም አላለንም። በግብፅ ያሉት አዋላጆች ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ረዓብ ሰላዮቹን በሰገነቷ በተልባ አገዳ ሥር ሸሽጋ አሳዳጆቹን በሌላ መንገድ ሰደደቻቸው። በብራቂም የነበረች አንዲት ሴት የዳዊትን ሁለት መልእክተኞች በጕድጓድ አግብታ፥ በአፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ እህል አሰጣችበት፤ የአቤሴሎምም ሰዎች በእህሉ አጠገብ አልፈው ሄዱ። አንዳንድ የከበሩ መምህራን፥ ረዓብ የተመሰገነችው ስለ እምነቷ እንጂ ስለ ተናገረችው ቃል አይደለም ይላሉ። ልክ ነው። ነገር ግን ቃሏን ከሥራዋ ፈትሎ ለይቶ የሚያወጣ ማን ነው? ያን ቃል ባትናገር ኖሮ የምትመሰገንበት ሥራ ባልነበረ። ሳሙኤልም ሳኦል እንዳይገድለው በፈራ ጊዜ ጊደር ይዞ ሄዶ ለመሥዋዕት መጣሁ እንዲል እግዚአብሔር ራሱ አስተማረው፤ ሊቀባ የመጣውን ንጉሥ ግን ሸፈነ።

ትእዛዙ በባልንጀራ ላይ የሐሰት ምስክርነትን ይከለክላል። ነፍሰ ገዳይ በደጅህ ቆሞ ሲጠይቅህ እውቀት ፈልጎ አይደለም፤ ምላስህን ገመድ ሊያደርገው ነው። ገመዱን አለመስጠት ኀጢአት ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ አላገኘሁም። ነገር ግን ይህን የምለው ለዚያች ደጅና ለዚያች ሰዓት ነው። ለስደተኛ ሲል አንድ ጊዜ የሸፈነ ሰው፥ ከዚያ በኋላ በገበያም በመሥሪያ ቤትም መሸፈንን ቢለምድ ሌላ ነገር ነው፤ ከበደሉም የሚያድነው ሰበብ የለም።

ሌላው ጥያቄ ለባለ ሥልጣን ስለ መገዛት ነው፤ ሮሜ 13 ይጠቀሳል። ያን ምዕራፍ የጻፈው ጳውሎስ ራሱ የደማስቆ ገዥ ሊይዘው ከተማውን ሲያስጠብቅ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ መስኮት ወርዶ አመለጠ። መልእክቶቹ ሁሉ ከዚያች ሌሊት በኋላ የተጻፉ ናቸው። ገመዱን የያዙት ሰዎች ደቀ መዛሙርት እንደ ነበሩ ሉቃስ ይነግረናል፤ ስማቸውን ግን አልጻፈም። ምናልባት በዚያ ዘመን ገና በደማስቆ ይኖሩ ነበርና ይሆናል።

ዋጋው ከባድ ነው፤ ይህን ሳይናገር የሚያስተምር ሰው ያታልላል። ለዳዊት እንጀራና ሰይፍ የሰጠው የኖብ ካህን፥ ኤዶማዊው ዶይቅ አይቶ ለሳኦል ስለ ነገረበት፥ ከሰማንያ አምስት ካህናት ጋር በአንድ ቀን ታረደ፤ የከተማው ሴቶችና ሕፃናትም አልተረፉም። አንድ ልጁ ብቻ አብያታር አመለጠ። ዳዊትም ሲሰማ ለዚህ ሁሉ ነፍስ ምክንያቱ እኔ ነኝ አለ፤ ልጁንም ከእርሱ ጋር አስቀመጠው። ያመለጠ ሰው ለአስመላጩ ቤት ባለ ዕዳ ነው ማለት ነው። ውጭ አገር ደርሰው ኑሮ የተመቻቸው ወገኖቻችን፥ በአንድ ወቅት በጓዳ ያሳደሩዋቸው ሰዎች ልጆች የት እንደ ወደቁ ሊጠይቁ ይገባል። የሚጠይቁ አሉ፤ የማይጠይቁ ይበዛሉ።

መንገድ ተዘጋጅቶለትም የማይሸሽ አለ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደርግ ደጋግሞ ካሰራቸው በኋላ፥ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ እጅ ያለበት የማምለጫ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው መሄድን እንቢ አሉ። በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተወሰዱ፤ ተገድለውም አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ጸሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ታሰሩ። ይህን ታሪክ እየጠቀሱ የሸሸውን ሁሉ ፈሪ የሚሉ አሉ፤ እነዚህን አልቀበልም። ጌታችን ራሱ ሕፃን ሳለ ከሄሮድስ ሸሽቶ በግብፅ ተሰደደ፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አቀና። መቼ እንደሚሸሽና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ስሙ በዝርዝር ላይ ያለው ሰው ነው። የእኛ ድርሻ በሩ ነው፤ የሚሄደውን መሸኘት፥ የሚቀረውንም አብረን መቆም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ እንናገር። ከመካ ተሰደው በ615 ዓመተ እግዚእ ገደማ ወደ አክሱም የመጡትን እስላሞች አሳዳጆቻቸው ተከትለው መጥተው፥ ለንጉሡና ለመኳንንቱ ገጸ በረከት አቅርበው መልስልን አሉ። ክርስቲያኑ ንጉሥ የስደተኞቹን ቃል ሰምቶ አልሰጥም አለ፤ ገጸ በረከቱንም መለሰ። ይህን ታሪክ ከእኛ ይልቅ እስላሞች ወንድሞቻችን በምስጋና ይጠብቁታል። ስደተኛ ሁለት ጊዜ ይሸጣል፤ አንድ ጊዜ ለአሳዳጁ፥ አንድ ጊዜ ለራሱ። ራሱን ለራሱ የሚሸጥለት ዛሬ ደላላ የሚባለው ነው። ድንበር አሻግራለሁ ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ፥ በበረሃ ለሌላው አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ቤተ ሰቡም ልጁን እንዲያስለቅቅ እንደገና ይከፍላል። የአገራችን ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 1178/2012፥ ይህን ንግድ በብርቱ ይቀጣል። የሚሸሽገውን ሰው ከደላላ የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስደተኛው ገንዘብ ባይኖረውም በሩ ይከፈትለት ነበርን?

ዋጋ የሚጠየቀው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ስደተኛይቱን ልጅ አስጠጋሁ ብሎ ያለ ደመወዝ የሚያሠራት፥ የሌሊት እንቅልፏን የሚነሣት፥ ብትናገር ለፖሊስ እሰጥሻለሁ የሚላት የቤት ጌታ አለ። ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን ለጋስ ይባላል። ከደላላው ይከፋል እላለሁ፤ ደላላው እንኳ ነጋዴ መሆኑን አልካደም።

ያመለጠ ሰው ወደ ኋላ ሊያይ ይገባዋል። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ ፈረደ አክሉም የሚባል ሰው በደርግ ዘመን እየተፈለገ ወደ ሱዳን ሸሸ። ከዚያ ብቻውን ወደ እስራኤል መሻገር ሲችል፥ ከእስራኤል መልእክተኞች ጋር ሆኖ ወገኖቹ የሚወጡበትን መንገድ ሲያበጅ ቆየ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ሲመጡ በመንገድና በሱዳን ሰፈር የሞቱት ግን ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። እስከ ድንበሩ የመሯቸው፥ ውኃ ያቀበሏቸው ገበሬዎችም ስም እንደ ደማስቆዎቹ ገመድ ያዦች አልተጻፈም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ አገራችን የሚሸሹባት ሆናለች። የኤርትራ ወጣቶች፥ 18 ወር ተብሎ የታወጀው ብሔራዊ አገልግሎት ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ወዲህ መጨረሻ ስላጣባቸው፥ መረብን እየተሻገሩ መጥተዋል። በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የሕፃጽ ሰፈሮቻቸው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ጠፉ፤ በአማራ ክልል በዳባት አጠገብ በአለምዋጭ የተጠለሉ አሉ፥ በአዲስ አበባ በየቤቱ ተከራይተው የሚኖሩም አሉ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሕይወቱ ወደሚያሰጋበት አገር እንዳይመለስ ይከለክላል። አንዳንድ ሰው ግን እነዚህ ትናንት የወጉን ናቸው ይላል። እንዲህ የሚል ወንድሜ ሆይ፥ ከወታደርነት የሸሸውን ሰው ስለ ወታደሩ ሥራ ትከስሰዋለህን?

ጥፋተኛው ራሱ ቢሸሽስ? ይህም በከተማችን ታይቶአል። በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ብዙ ሰው ያሰደደው መንግሥቱ ኀይለ ማርያም ራሱ ወደ ዚምባብዌ ተሰደደ። ከባለ ሥልጣኖቹም አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ወደ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። በ1929 ዓ.ም. ወገኖቹ ከተማችንን ያቃጠሉበት መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ለእኛ ገዳዮች መሸሸጊያ ሆነ፤ የሞት ቅጣት ለሚያሰጋው ሰው አሳልፎ መስጠትን ሕጉ ይከለክለዋልና። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ በዚያ ግቢ 29 ዓመት ያህል ተቀምጠው፥ የሞት ፍርዳቸው ተለውጦላቸው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወጡ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም፤ እኔም በእነርሱ ላይ የምፈርድ አይደለሁም። በኦሪት ዘኍልቍ በ35ኛው ምዕራፍ የመማፀኛ ከተሞች የተሰጡት ሳያስብ ለገደለ ሰው ነው፤ እርሱም በማኅበሩ ፊት ቆሞ እስኪፈረድለት ድረስ ነው። አስቦ የገደለው ግን ከዚያም ተወስዶ ለፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ ክርስቲያን ጥፋተኛውን ከሚቦጫጭቀው ሕዝብ ሊያስጥለው፥ ቢራብም ሊያበላው ይገባዋል፤ ከቅን ዳኛ ፊት ግን አይደብቀውም።

በትንቢተ ኤርምያስ በ38ኛው ምዕራፍ ያለው አቤሜሌክ የአገራችን ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ነቢዩ በጭቃ ጕድጓድ ተጥሎ ሊሞት ሲል በንጉሡ ቤት ከነበሩት ሁሉ ስለ እርሱ የተናገረ እርሱ ነው። ሠላሳ ሰዎች ይዞ ገመድ ሊጥልለት በሄደ ጊዜ ግን ወደ ንጉሡ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ፈልጎ አወጣ፤ ገመዱ የከሳውን ሰው ብብት እንዳይልጠው፥ ጨርቁን ከገመዱ በታች በብብቱ እንዲያደርግ ለኤርምያስ ነገረው። ከጕድጓድ የወጣ ሰው ቈስሎ ይወጣል። ከእስር ቤት ያመለጠውን ምን እንዳደረጉህ ንገረን ብለው የሚከብቡት ጎረቤቶች ጨርቅ ሳይዙ ገመድ የሚስቡ ናቸው። ታሪኩን ሲፈልግ ይናገር፤ ባይፈልግም ይተኛ። ጫማ ይፈልጋል፤ ስለ ጥርሱም ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ወደ እናቱ ደኅና ነኝ የሚል ቃል በማን በኩል ሊደርስ እንደሚችል ቀስ ተብሎ ይጠየቅ።